የከበሮ መኪናና የሰው ጆሮ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሙዚቃ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)

የሙዚቃ ክበባችን በዚህ የበዓል ሳምንት አንድ አባል ስለ አንድ የሙዚቃ ሥራ እንዲናገር በወሰነ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። ብዙዎቻችሁ ስለ ክራርና ስለ መሰንቆ፣ አለዚያም ስለ ታላላቆቹ የባሕር ማዶ የሙዚቃ ደራሲዎች እንደምናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥሁት በአሜሪካ አገር በ1983 የወጣውን «ክሊር» የተባለ የጭፈራ ሸክላ ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ ሆኑ ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ይህን የመረጥሁበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። በየቤታችን የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ወላጆቻችን «ይህ በመኪና የሚሠራ ጩኸት ሙዚቃ አይደለም፤ ሰው ያልደከመበት ነገር ነው» ይሉናል። እኛ ወጣቶችም «ጊዜው ያመጣው ነው» ብለን ከመመለስ በቀር ማስረጃ አናቀርብም። በዚህ ዓይነት ሁለታችንም ነገሩን ከሥሩ ሳንመረምር እንፈርዳለን። እንግዲህ አንድ ሸክላ ወስደን ማን ሠራው? በምን ሠራው? ከማን ተማረው? ከእርሱስ ምን ተወለደ? ብለን ብንጠይቅ ፍርዳችን የተሻለ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

«ክሊር» ከኤሌክትሮ ፋንክ ወገን የሚቆጠር ሥራ ነው። ፋንክ ማለት ጥቁር አሜሪካውያን በ1960ዎቹ ዓመታት ያሳደጉት የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ ከአባቶቹም ዋነኛው ጄምስ ብራውን ነው። የዚህ ሙዚቃ ጠባይ ዜማን ከማስረዘም ይልቅ ምትን ማጥበቅ ነው። ከአራቱ ምት በመጀመሪያው ላይ ኃይል ይጣልና ባሱም፣ ጊታሩም፣ ጡሩምባውም ራሳቸው ከበሮ የሆኑ ይመስል እየተቆራረጡ ይጫወታሉ። ከ1980 ገደማ ጀምሮ ይህንኑ ምት ከሰው እጅ ወደ ኤሌክትሪክ መሣሪያ አዛውረው የሚጫወቱ ወጣቶች ተነሡ። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

መሣሪያዎቹ በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሲንተሳይዘር ሲሆን፣ ክር ሳይነካ፣ እስትንፋስም ሳይገባበት፣ ከኤሌክትሪክ ሞገድ ድምፅ የሚፈጥር ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ የመጀመሪያውን መሣሪያውን በ1964 ሠርቶ አሳየ፤ በ1970 ደግሞ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ዓይነት ወጣ። ሁለተኛው የከበሮ መኪና ነው። ከእነዚህ መካከል ዝናው የገነነው ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 ያወጣው ቲ.አር. 808 ነው። በፊቱ ላይ 16 ቁልፎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ረድፉ አንድ የምት ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የዙሩ አንድ ክፍል ነው። ተጫዋቹ ትልቁ ከበሮ በየትኛው ክፍል እንዲመታ፣ ጭብጨባው በየትኛው እንዲገባ፣ የትኛውም ክፍል ባዶ እንዲቀር በቁልፎቹ ይወስናል። መኪናው ከዚያ በኋላ ያዘዙትን ሳይደክምና ሳይሳሳት ይደግማል። መቼም የታዘዘውን መድገም እንጂ ማዘዝ አይችልም፤ ይህን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ያ መሣሪያ ድምፁ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ በጊዜው ብዙ ገበያ አላገኘም። 12,000 ያህል ብቻ ተሠርቶ በ1983 ምርቱ ቆመ። አሮጌው ዕቃ በርካሽ ሲሸጥ ግን ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች ገዙት። ባለ ገንዘቦቹ «አይመስልም» ብለው የናቁትን ጥልቅና ረጅም ድምፅ እነርሱ ደግሞ «ማንንም ስለማይመስል እንወደዋለን» አሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሰማው የጭፈራ ዘፈን ውስጥ ያ ድምፅ ወይም የእርሱ አምሳያ የሌለበትን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

አሁን ወደ ከተማው እንሂድ። ዲትሮይት የአውቶሞቢል ከተማ ናት። ፎርድ የሚንቀሳቀሰውን የመገጣጠሚያ መሥመር በ1913 የጀመረው እዚያው አጠገብ በሃይላንድ ፓርክ ነው። ሞታውን የተባለውን ስመ ጥር የሸክላ ኩባንያ በ1959 ያቋቋመው ቤሪ ጎርዲም ቀድሞ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ነገር ግን ከተማዪቱ ባለችበት አልቆየችም። በ1967 ብዙ ሰው የሞተበት ሁከት ደረሰ፤ በ1972 ሞታውን ዋና ቤቱን ወደ ሎስ አንጀለስ አዛወረ፤ ፋብሪካዎችም አንዳንዶቹ ተዘጉ፣ ሌሎቹም የሰውን ክንድ በብረት ክንድ መተካት ጀመሩ። በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1980 ወደ 1.2 ሚሊዮን ወረደ። እንግዲህ መኪና ለአባቶቻቸው እንጀራ የሰጣቸው፣ ኋላም እንጀራቸውን የነሣቸው ልጆች ያደጉት በዚህች ከተማና በአካባቢዋ ነው።

ዋን አትኪንስ በ1962 በዲትሮይት ተወለደ፤ ልጅነቱንም በከፊል በአያቱ ቤት፣ ከዲትሮይት ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ በምትገኘው በቤልቪል አሳለፈ። አያቱ ኦርጋን ወዳድ ነበሩና ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መደብር ሲሄዱ ልጁን ያስከትሉት ነበር። ልጁ ከመደብሩ ሲንተሳይዘር አይቶ ወደደው፤ አያቱም ኮርግ ኤም.ኤስ. 10 የተባለውን ትንሽ መሣሪያ ገዙለት። ይህ መሣሪያ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ነው። ከበሮ የለውም፤ ባስም የለውም። ልጁ ግን ቁልፎቹን እያዞረ ከዚያው ከአንዱ መሣሪያ የከበሮ ድምፅ አወጣ፤ ያንንም በካሴት ቀዳ። ካሴቱን እያጫወተ በላዩ ባስ ጨምሮ በሌላ ካሴት ቀዳ፤ እንደገናም በዚያ ላይ ሌላ ድምፅ ደረበ። በዚህ ዓይነት ብቻውን በመኝታ ክፍሉ ውስጥ እንደ ሙሉ ባንድ ሆነ። ይህ ሰው ያልደከመበት ሥራ ነው ለማለት የሚደፍር ካለ እርሱ ራሱ አንድ ሌሊት ሞክሮ ይየው።

እዚህ ላይ ስለ ትምህርት ቤት አንድ ነገር መጥቀስ ለዛሬው በዓላችን የተገባ ነው። አትኪንስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ስለ መጪው ዘመን የሚያጠና አንድ የትምህርት ዓይነት ተከታትሎ ነበር፤ በዚያም የአልቪን ቶፍለርን መጻሕፍት ሐሳብ ተዋወቀ። ቶፍለር መኪናና ኮምፒዩተር የሰውን ኑሮ እንዴት እንደሚለውጡ የጻፈ ሰው ነው። ተማሪውም ያነበበውን ለፈተና ብቻ አልተጠቀመበትም፤ በጆሮው ከሚሰማው ጋር አገናኘው።

በጆሮው የሚሰማውስ ምን ነበር? በዲትሮይት «ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ» በሚል ስም የሚታወቅ የራዲዮ ሰው ማታ ማታ ሙዚቃ ያሰማ ነበር። ይህ ሰው የጥቁር ሙዚቃ፣ የነጭ ሙዚቃ ብሎ አይለይም፤ የፓርላመንት ፋንካዴሊክን ፋንክ አሰምቶ ወዲያው የጀርመኖቹን የክራፍትቨርክን ሸክላ ያስከትል ነበር። ክራፍትቨርክ በ1970 በዱሰልዶርፍ የተመሠረተ ጓድ ነው፤ «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» የተባለውን ሥራውን በ1977፣ ስለ ኮምፒዩተር ዓለም የሚያወሳውንም በ1981 አወጣ። ከፋንኩ በኩል ደግሞ በርኒ ዎረል የተባለ የፒያኖ ሊቅ በ1978 ዝነኛ በሆነው «ፍላሽ ላይት» ላይ ባሱን በክር ጊታር ፈንታ በሙግ ሲንተሳይዘር ተጫውቶት ነበር። የጀርመኖቹ ሙዚቃ እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ያለ ነው፤ የፋንኩ ወገብ ያስነቀንቃል። የቤልቪሉ ተማሪ ሁለቱን በአንድ ሌሊት ከአንድ ራዲዮ ሰማ። «ክሊር» የተፀነሰው በዚህ አዳማጭነት ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

አትኪንስ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ዋሽተኖ በተባለው ኮሌጅ ሪክ ዴቪስን አገኘው። ዴቪስ በዕድሜ የሚበልጠው፣ በቬትናም ጦርነት የዘመተ፣ ብዙ የኤሌክትሪክ መሣሪያም ያለው ሰው ነበር። ሁለቱ በ1980 «ሳይቦትሮን» የተባለውን ጓድ መሠረቱ። ስሙ የሁለት ቃላት ድብልቅ ነው፦ አንዱ ከፊሉ ሰው ከፊሉ መኪና የሆነ ፍጡር፣ ሁለተኛው የፊዚክስ ሊቃውንት የአቶም ቅንጣቶችን ለማፍጠን የሚጠቀሙበት መሣሪያ። በ1981 የመጀመሪያውን ሸክላቸውን በራሳቸው ገንዘብ፣ «ዲፕ ስፔስ» በሚል በራሳቸው ማኅተም አሳተሙ። ሞጆ በራዲዮ አሰማላቸው፤ በአካባቢው ብቻ 15,000 ያህል እንደ ተሸጠ ይነገራል። ከዚህ በኋላ ፋንታሲ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ አስፈረማቸው፤ «ክሊር»ም በ1983 ወጣ። አትኪንስ ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 21 ዓመት ገደማ ነበር።

ሸክላው ሲሰማ እንዲህ ነው። ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ድምፆች ከቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ነጠብጣብ እየተከታተሉ ይወርዳሉ፤ ያቺው ሐረግ ትዞራለች፣ ትመለሳለች። ከሥር የመኪናው ከበሮ ይገባል፤ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን እንደ ሰልፍ ከበሮ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አንዳንዱን ምት ይዘላል፣ አንዳንዱን ቀድሞ ይጥላል። እግር የሚነሣው በተዘለለው ቦታ ላይ ነው። ባሱ አጭርና ደረቅ ነው። ከሁሉም በላይ እንደ ጭጋግ የሚዘረጋ ቀዝቃዛ ድምፅ አለ፤ ይህ ነው ለሥራው የብቸኝነት መልክ የሚሰጠው። የሰው ድምፅ ጥቂት ቃላት ብቻ ይናገራል፤ እንደ ዘፋኝ ሳያቅራራ፣ እንደ ትእዛዝ ይጥላቸዋል። «ክሊር» ማለት ማጥራት፣ መደምሰስ ማለት ነው፤ በሒሳብ መኪና ላይ የጻፉትን ቁጥር ለማጥፋት የምንጫነው ቁልፍም በዚሁ ስም ይጠራል። አሮጌውን አጥፍቶ እንደገና መጀመር! ከሕዝቧ ሲሶ ያህሉን ላጣች ከተማ ይህ ቃል ቀላል አልነበረም። ሙዚቃው ለጭፈራ ነው፤ ሆኖም አልቅሶ እንደ ተነሣ ሰው ጭፈራ ነው።

ይህ መልክ የሁለቱ ብቻ ሥራ አይደለም። ሆሴ ዲያዝ የተባለ ባለሙያ ድምፆቹን እንደገና አደላድሎ፣ የቱ ወደ ፊት እንዲመጣ፣ የቱ እንዲርቅ ወስኖ፣ ዛሬ የሚታወቀውን ቅጂ አዘጋጅቷል። ከዚህም ሌላ የ«ክሊር» ዜማ ለክራፍትቨርክ ዕዳ እንዳለበት የሚያዳምጥ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ተበድሯል። ነገር ግን መበደርና መገልበጥ አንድ አይደሉም። የጓደኛውን የሒሳብ ደብተር የሚገለብጥ ተማሪ ደብተሩን ሲከድን አንዳች አያውቅም፤ የመምህሩን ዘዴ ወስዶ መምህሩ ያልሰጠውን ጥያቄ የሚፈታ ተማሪ ግን ዘዴውን የራሱ አድርጎታል። ሳይቦትሮን ከዱሰልዶርፍ የተቀበለውን ባቡር በዲትሮይት ጎዳና ላይ ነድቶታል፤ ጀርመኖቹ ያላወቁትን ፋንክና ያላዩትን ኀዘን ጭኖበታል።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ክርክር ልመለስ። ነገሩ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በ1982 በእንግሊዝ አገር የሙዚቀኞች ማኅበር የማዕከላዊ ለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና የከበሮ መኪና እንዲከለከሉ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። እነዚያ ሙዚቀኞች ሞኞች አልነበሩም፤ የእንጀራቸው ነገር ነበር። አንድ መኪና የከበሮ መቺውን፣ ሌላው የቫዮሊን ተጫዋቾቹን ቦታ ሲይዝ ተመልክተዋል። በእኛም አገር በሠርግ ቤት አንድ ሰው ባንድ ኦርጋን ከበሮውንም ባሱንም ጡሩምባውንም ሲያሰማ እናያለን፤ የቀሩት ተጫዋቾች የት ሄዱ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ስለዚህ መኪና ማንንም አይጎዳም ብዬ አልከራከርም። ይጎዳል።

የምከራከረው በሌላው ነገር ነው፦ በመኪና የተሠራ ሁሉ ሰው የሌለበት ነው በሚለው ላይ። ከላይ እንዳልሁት መኪናው የታዘዘውን ይደግማል እንጂ አያዝም። ያው 16 ቁልፍ ያለው መሣሪያ በሺህ ቤት ነበረ፤ ከሺሁ ቤት የወጣው ግን አብዛኛው ተረስቷል። የትኛው ምት ይዘለል? የትኛው ድምፅ ይቅዝቅዝ? መቼ ዝም ይባል? ይህን የሚወስን ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ በመደብር አይሸጥም፤ ብዙ በማዳመጥ ይሠራል።

ለዚህ ከራሳችን ሰዎች ምስክር አለኝ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ተጉዘው በዚያው ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን ብቻቸውን ወደ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው፣ በልጅነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ መኪና ይዘው የአገራችንን የቆዩ ዜማዎች ተጫወቱ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት በታክሲ ነጂነት ኖሩ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ታላቅ አድማጭ አገኘ፤ እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። በዚያ ካሴት ላይ ከበሮው የመኪና ነው፤ ዜማው ግን የማን እንደ ሆነ ማንም ኢትዮጵያዊ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከ«ክሊር» ምን እንደ ተወለደ ባጭሩ ልናገርና ልጨርስ። አትኪንስና ዴቪስ በሙዚቃው አቅጣጫ ስላልተስማሙ ከ1984 በኋላ ተለያዩ፤ አትኪንስ በ1985 «ሜትሮፕሌክስ» የተባለ የራሱን የሸክላ ማኅተም አቋቋመ። በቤልቪል ትምህርት ቤት ከእርሱ በታች ክፍል የነበሩትና ሸክላ ማጫወትን ከእርሱ የተማሩት ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳንደርሰንም እንዲሁ የየራሳቸውን መሠረቱ። ዛሬ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ሰዎች «የቤልቪል ሦስቱ» ይሏቸዋል። በ1988 በእንግሊዝ አገር የዲትሮይትን ሥራዎች የያዘ አንድ ስብስብ ሸክላ ሲወጣ «ቴክኖ» የሚለው ስም በዓለም ታወቀ። የበርሊን ግንብ በ1989 ከፈረሰ በኋላ የበርሊን ወጣቶች ይህን ሙዚቃ ተቀበሉት፤ በ2024ም ጀርመን የበርሊንን የቴክኖ ባህል በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገቧ ላይ ጻፈችው። እንግዲህ ከዱሰልዶርፍ የወጣ ድምፅ በዲትሮይት ልጆች እጅ ተለውጦ ወደ ጀርመን ተመለሰ ማለት ነው። ራሷ ዲትሮይትም ልጆቿን ማክበር የጀመረችው ዘግይታ ነው፤ በ2000 በወንዟ ዳር ለሙዚቃው ታላቅ ፌስቲቫል አዘጋጀች። ሚሲ ኤሊየት የተባለች ዘፋኝም የ«ክሊር»ን ድምፅ ወስዳ በ2005 «ሉዝ ኮንትሮል» የተባለ ዘፈን ሠራችበት፤ ዘፈኑ በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ እስከ 3ኛ ደረጃ ደረሰ። ከ22 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ብዙዎቹ ጨፋሪዎች ሥሩን አላወቁም፤ እግራቸው ግን አወቀው።

ክቡራን እንግዶች፤

ለወላጆቼ የማቀርበው ልመና ይህ ነው። ልጅዎ በጆሮ ማዳመጫ ተሸፍኖ ሲያዩት ከመቆጣትዎ በፊት «ምን ትሰማለህ? አሰማኝ» ይበሉት። የቤልቪሏ አያት ለልጅ ልጃቸው መሣሪያውን ሲገዙ ከእርሱ ምን እንደሚወጣ አላወቁም ነበር፤ የልጁን ፍላጎት ግን አልናቁም። ለመምህራኖቼም እንዲህ እላለሁ፤ በክፍል የምታስተምሩን ነገር ከክፍል ውጭ የት እንደሚበቅል አይታወቅምና ዘሩን ከመዝራት አትታክቱ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ለእኛ ደግሞ ክርክሩ ገና አላለቀም። የዛሬው መኪና ከበሮ ከመምታት አልፎ ዜማም ግጥምም በትእዛዝ ያወጣል። አትኪንስ አንድ ድምፅ ብቻ በሚያሰማ መሣሪያ የደከመበትን እኛ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ባንድ ደቂቃ እናገኘዋለን። ይህ ዕድልም ፈተናም ነው። መኪናው የሰጠንን ሁሉ እንደ ወረደ ብንቀበል ወላጆቻችን ትክክል ይሆናሉ፤ ሰው የሌለበት ሥራ ይሆናል። ስለዚህ የክበባችን አባላት በሚመጣው ዓመት አንድ ደንብ እንድናወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ማንም አባል በመኪና የሠራውን ሙዚቃ ሲያቀርብ ከማን እንደ ተማረ፣ ምን እንደ ተበደረ፣ የራሱ የሆነው የትኛው እንደ ሆነ ቆሞ ይናገር። ሦስተኛውን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ወደ ማዳመጥ ይመለስ።